ዶክተር ላታ እና ያልዳነችው ሴትዮ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰዉ እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ፣ ቶማስ ላታ ስለሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም፣ በ1832 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው ምጽፋቸው) ኮሌራ ሰዉን ሲያረግፈው ጨውና ውሃ በደም ስር መስጠት ስለጀመረው ሰውዬ። ለኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል፣ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት፣ «አንቺ ነርስ አደለሽ፣ ይሄን አስተምረዋችኋል?» ብላ። አላስተማሩንም። ስለ ላታ ያወቅኩት ከተመረቅኩ ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ኮሌራ ድንኳን ውስጥ ሠርቼ ከወጣሁ በኋላ፣ ይሄ ስንሰቅለው የከረምነው ነገር ግን ከየት መጣ ብዬ ማንበብ ስጀምር፣ እና ከዛን ጊዜ ጀምሮ ሰውዬውን በጣም ነው ምወደው፣ ለዛም ነው ጽሑፉን አንብቤ ዝም ማለት ያቃተኝ።

ላላነበባችሁት፣ ጸሐፊያችን ባጭሩ እንዲህ ነው ሚሉት። ላታ ያልተማረ ተራ የሰፈር ሐኪም ነበር። ማንም ሳያግዘው ብቻውን ግሉኮስን ፈለሰፈ፣ «የግሉኮስ አባት» ነው። የመጀመሪያ በሽተኛው፣ አንዲት አሮጊት፣ ከሞት አፋፍ ተነስታ እየቀለደች ፒፓዋን አጭሳ ድና ሄደች። ከዛ ትላልቆቹ ዶክተሮች ቀኑበት፣ ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት አላትምልህም አለው፣ ግኝቱ ታፈነ፣ እሱም በኮሌራ ተይዞ ሞተ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ መደምደሚያው፦ እኛም ሐኪም ቤት ከመሮጥ ውሃና ጨው በጥብጠን መጠጣት ነው ያለብን። ይሄ የመጨረሻው ባይኖር ኖሮ ስለ ቀሪው ይሄን ያህል አልጨቃጨቅም ነበር።

ቀላሏን ላስቀድም። «የግሉኮስ አባት» ሚለው ስም አይሠራም፣ ምክንያቱም ላታ የሰጠው ነገር ውስጥ ግሉኮስ የለም። በርግጥ እኛ አገር በላስቲክ ተንጠልጥሎ በደም ስር ሚገባ ነገር ሁሉ ግሉኮስ ነው፣ ኖርማል ሳላይን (ጨውና ውሃ ብቻ የሆነውን) ሰቅለሽ እንኳ አስታማሚው «ሲስተር ግሉኮሱ አለቀ» ብሎ ነው ሚጠራሽ፣ ስለዚ ጸሐፊያችንን በዚህ አልወቅስም። ግን ላታ የበጠበጠው በ6 ፓይንት ውሃ፣ በኛ 3 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ከ2 እስከ 3 ድራም የገበታ ጨው እና 2 ስክሩፕል ሶዳ ነው። ድራምና ስክሩፕል የድሮ መድኃኒት ቤት ሚዛን ናቸው፣ በግራም ሲመነዘር ጨዉ ከ8 እስከ 12፣ ሶዳው 2 ተኩል ገደማ ይመጣል። ዛሬ ምንሰቅለው ኖርማል ሳላይን በአንድ ሊትር ብቻ 9 ግራም ጨው አለው፣ የላታ ደግሞ ሦስት ሊትር ላይ ነው ያንን ምታህል የገባችው፣ ማለትም ከዛሬው ከግማሽ በታች የቀጠነ ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

«ያልተማረ» ሚለው ከየት እንደመጣ ግን ጭራሽ አልገባኝም። ሰውዬው ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በ1819 በሕክምና ዶክተርነት የተመረቀ ነው፣ በዛን ዘመን ኤዲንብራ ማለት ከመላው አውሮፓ ተማሪ ሚጎርፍበት የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ስከርቪ ነበር፣ መርከበኞችን ድዳቸውን እያደማ ጥርሳቸውን እያረገፈ ይገድል ስለነበረው በሽታ፣ እና ርዕሱን የመረጠው እንዲሁ አይመስለኝም፣ በወጣትነቱ ከዊሊያም ስኮርስቢ ጋር፣ ከዛ ከታወቀው የዓሣ ነባሪ አዳኝና የአርክቲክ አሳሽ ጋር በመርከብ ወደ በረዶው ባሕር ሄዶ ያውቃል። ከዛ መጥቶ ሊዝ ላይ (የመሬት ሊዝ አደለም፣ ኤዲንብራ አጠገብ ያለች የወደብ ከተማ ናት) ሐኪም ሆኖ ተቀመጠ። የወደብ ሐኪም ነው፣ ፕሮፌሰር አልነበረም፣ እሱ ልክ ነው። ግን ፕሮፌሰር አለመሆንና አለመማር ለየቅል ናቸው። ታሪኩ እንዲጥም ጀግናው የግድ መሃይም መሆን አለበት እንዴ?

«ብቻውን» ወደሚለው ልምጣ፣ እዚህ ጋ የተዘለለው ሰው ያናድዳል። ዊሊያም ኦሾኔሲ ይባላል፣ አየርላንዳዊ ነው፣ የሊመሪክ ልጅ፣ እሱም ኤዲንብራ የተማረ፣ በ1829 የተመረቀ። ኮሌራ በ1831 መጸው ላይ በሰንደርላንድ ወደብ በኩል እንግሊዝ ሲገባ ይሄ ልጅ ገና 22 ዓመቱ ነው። ሌላው ሐኪም በሽታው ከመጥፎ ሽታ ነው፣ ከሆድ ነው፣ ከነርቭ ነው እያለ ሲከራከር እሱ ወደ ሰንደርላንድ ወርዶ የበሽተኞቹን ደም ቀድቶ መረመረው፣ እንደ ኬሚስት። ያገኘው ነገር ዛሬ ለማንኛችንም ግልጽ ነው፣ ያኔ ግን አልነበረም፦ ደሙ ውሃው ተመጥጦ ወፍሯል፣ ጨዉና ሶዳው ጎድሏል፣ ከደሙ የጠፋው ደግሞ እዛው ሰገራው ውስጥ ተገኘ። የሩዝ ውሃ የመሰለው ተቅማጥ ማለት ሰውዬው ራሱ ነው እየፈሰሰ ያለው፣ ደሙ በጀርባው በር እየወጣ። ኦሾኔሲ ይሄን በላንሴት ላይ ጻፈ፣ ውሻ ላይም ሞከረ፣ የጎደለውን ውሃና ጨው በደም ስር ብንመልስስ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፣ ሰው ላይ ግን አልሞከረውም። በ1833 ወደ ሕንድ ሄደ፣ እዛ ካናቢስን በመድኃኒትነት አጥንቶ ለአውሮፓ ሐኪሞች አስተዋወቀ፣ ቴሌግራፍ ዘረጋ፣ ሰር ተባለ፣ ብቻ ብዙ ነገር ሆነ።

ላታ ራሱ በደብዳቤው ላይ የኦሾኔሲን የምርመራ ውጤት እንደሰማሁ ነው ሙከራዬን የጀመርኩት ብሎ ጽፏል። አልደበቀም። ጸሐፊያችን የላታን ክብር ከፍ እናደርጋለን ብለው ላታ ራሱ ያመሰገነውን ሰው ነው የሰረዙት። ከሁለቱም በፊት ደግሞ በ1830 ሞስኮ ላይ ያኒሽን የሚባል ሰው የኮሌራ በሽተኛ ደም ስር ውስጥ ትንሽ ውሃ ከትቶ ነበር፣ በሽተኛው ግን አልተረፈም። ስለዚ ሐሳቡ አየር ላይ ነበር። የላታ ድርሻ ሌላ ነው፣ ሐሳቡን ይዞ በሰው ላይ፣ በሊትር ደረጃ፣ በትክክል ያደረገው እሱ ነው። እሱ ይበቃዋል እኮ።

አሁን ወደ ሴቶቹ። ሴቶቹ ያልኩት ሁለት ስለሆኑ ነው፣ ጸሐፊያችን ደባልቀው አንድ ያረጓቸው፣ እና ከጽሑፉ ሁሉ ይሄ ነው ያበሳጨኝ።

ከዛ በፊት ግን የዘመኑን ሕክምና አስቡት። ሰውዬው ፈሳሹ አልቆ ዓይኑ ጎድጉዶ ተኝቷል፣ ሐኪሙ መጥቶ ደም ያፈሰዋል። ዋገምት አደለም፣ በምላጭ ደም ስር ከፍቶ በሳህን። ካሎሜል ማለትም የሜርኩሪ መድኃኒት ያስውጠዋል፣ ኦፒየም፣ የሰናፍጭ ልጥፍ፣ ብራንዲ። ያለቀበትን ሰው ነው የበለጠ ሚያጎድሉት። ላታ በዚህ መሃል ነው መጀመሪያ በፊንጢጣ በኩል፣ ደግሞም በአፍ ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ ሊመልስ የሞከረው። አልሠራም፣ ጭራሽ ትውከቱና ተቅማጡ ባሰ። ስለዚ በቀጥታ ደም ውስጥ ልክተተው ብሎ ወሰነ፣ ሚመራኝ ቀዳሚ ስላልነበረ በብዙ ጥንቃቄ ነበር ብሏል።

የመጀመሪያዋ አሮጊት ናት። ሊያደርጉላት ሚችሉትን ሁሉ አድርገውላት አልሆነም፣ ላታ እንደጻፈው ከዚህ በኋላ ምንም ነገር ሊጎዳት አይችልም ነበር፣ ዕቃውን ሳላዘጋጅ ትሞትብኛለች ብሎ እስኪፈራ ድረስ። ዕቃው ራሱ ዛሬ ምናውቀው ዓይነት አደለም፣ ካኑላ (ደም ስር ውስጥ ምትቀመጠው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ) የለም፣ ባዶ መሃል ያለው መርፌ ራሱ ገና አልተሠራም፣ ፓምፕ የመሰለ ስሪንጅ ጫፉ ላይ ቀጭን የብር ቱቦ ተገጥሞለት፣ ቆዳና ደም ስር ተከፍቶ ነው ሚገባው። በክንዷ ደም ስር ውስጥ አስገባና መግፋት ጀመረ፣ እየፈራ እያየ። ምንም የለም። ቀጠለ። ምንም። ከዛ አተነፋፈሷ የቀለላት መሰለው፣ ከዛ የሾለው ፊቷ፣ የጎደጎደው ዓይኗ፣ የወደቀው መንጋጋዋ ነፍስ ይዘራበት ጀመር፣ ጠፍቶ የነበረው የእጇ የደም ምት ተመለሰ፣ መጀመሪያ ቀጭንና ፈጣን፣ ቀስ እያለ ሞላ ያለ። በግማሽ ሰዓት 6 ፓይንቱ ሲገባ ሴትዮዋ በደህና ድምፅ ምንም አያመኝም አለች፣ ቀለደችም፣ ትንሽ ብተኛ ደህና ነኝ አለች፣ እጅና እግሯ ሞቀ።

እኔ ይሄን ሳነብ ያለቀስኩት ብቻዬን አደለም ብዬ አስባለሁ፣ የኮሌራ ድንኳን የሠራ ሰው ያውቀዋል። የእጅ ምት ፈልገሽ ታጪያለሽ፣ ክርን ላይ ታጪያለሽ፣ ጣቶቹ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ተጨማደዋል፣ ሆዱን ቆንጥጠሽ ስትለቂው ቆዳው እንደቆመ ይቀራል፣ ደም ስር የለም ጠፍጣፋ ነው፣ እንደምንም ላይኑን ማለትም የደም ስር ቱቦውን ታስገቢና ላስቲኩን በሁለት እጅሽ እየጨመቅሽ ታስገቢያለሽ። ሁለተኛው ላስቲክ ላይ ሰውዬው ዓይኑን ይከፍትና ያይሻል። እንደዛ ዓይነት ሌላ ነገር በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

ግን የላታ ታሪክ እዛ አላቆመም። ጸሐፊያችን እዛ ነው ያቆሙት። ላታ በጣም ደክሞት ነበር፣ የመጀመሪያ በሽተኛው ስለሆነች ዳነች ብሎ አሰበ፣ ለሆስፒታሉ ሐኪም አደራ ብሎ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ትውከቱና ተቅማጡ ተመለሰ፣ የገባው ሁሉ ወጣ። ለሱ ማንም አልነገረውም። እሱ ከሄደ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ሞተች።

ይሄን ማን ጻፈው? ላታ ራሱ። ለንደን ላለው ማዕከላዊ የጤና ቦርድ በላከው ደብዳቤ ላይ፣ አዲስ ሕክምና አገኘሁ እያለ በሚያስተዋውቅበት በዛው ወረቀት፣ የመጀመሪያዋን ሴትዮ እንዳጣትና ሕክምናው ቢደገምላት ኖሮ ትድን እንደነበር አልጠራጠርም ብሎ አስቀመጠው። እስቲ ዛሬ አዲስ ነገር አገኘሁ ሚል ሰው የመጀመሪያው ሙከራዬ እኔ ተኝቼ እያለ ሞተብኝ ብሎ ሲጀምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጸሐፊያችን ሴትዮዋን ድና ሄደች ሲሉ ላታን ያከበሩ መስሏቸዋል፣ የሰረዙት ግን ከጻፈው ሁሉ ትልቁን ነገር ነው።

ፒፓ ያጨሰችው ሁለተኛዋ ናት። የ50 ዓመት ሴት፣ በጣም ደሃ፣ በፊት ጤነኛ የነበረች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ያዛት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ብብቷ ስር እንኳ ምት አልነበራትም። ላታ መጀመሪያ ልተዋት ብሎ ነበር፣ ምክንያቱን ደግሞ ጽፎታል፣ ብትሞት ለሕክምናው ጥላቻ ያላቸው ሰዎች ስም ማጥፊያ ያገኛሉ ብሎ ፈርቶ። ከዛ ዕድሉን ልስጣት አለ፣ ዶክተር ሉዊንስና ዶክተር ክሬጊ ባሉበት 120 አውንስ አስገባላት፣ ከ3 ሊትር በላይ። ተነሳች። ተቅማጡ ተመለሰ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ መልሳ ወደቀች። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፣ አሁን ሰውዬው አልሄደም፣ ሌላ 120 አውንስ ሰጣት፣ ደግሞም ጨመረ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ በድምሩ 330 አውንስ፣ ወደ 9 ሊትር ማለት ነው። በ48 ሰዓቷ ፒፓዋን ስታጨስ ነበር። እሱም ቢሆን በቀጥታ ወደ ቤቷ አልሄደችም፣ ሆስፒታል ገብታ ሌላ ትኩሳት ነገር ይዟት ነበር፣ ደብዳቤው ሲጻፍ እያገገመች ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አድርጉና እዩአቸው። መድኃኒቱ ያው ነው፣ እጁም ያው ነው። አንዷ ጋ ሰው አልቆየም፣ አንዷ ጋ ቆየ።

«ታፈነ» ወደሚለው። ደብዳቤው የተጻፈው ሜይ 23 ቀን 1832 ነው፣ ላንሴት ላይ የወጣው ጁን 2። ዐሥር ቀን! ዛሬ አንድ ጥናት ልከሽ መልስ እስኪመጣ ልጅ ወልደሽ ታሳድጊያለሽ። አላትምም አለ የተባለው መጽሔት፣ አዘጋጁ ቶማስ ዋክሊ፣ ሕክምናውን ሲደግፍ ነው የነበረው፣ የሉዊንስንም ደብዳቤ አትሟል፣ ክርክሩ ለወራት እዛው ላይ ቀጥሏል። የተቃወሙም ነበሩ፣ ላታ ራሱ ፈርቷቸው እንደነበር ነገርኳችሁ፣ ስለዚ ጸሐፊያችን ከመሬት ተነስተው አልፈጠሩትም። ግን ተቃውሞና አፈና አንድ አደሉም።

ያልጠቀሱት ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ሐኪም ያፈነው ከሚለው ይልቅ ሕዝቡ ሐኪሙን እንዴት ያይ ነበር ሚለው። ከኮሌራው አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1828፣ እዛው ኤዲንብራ በርክና ሄር የሚባሉ ሁለት ሰዎች 16 ሰው ገድለው ሬሳውን፣ ሬሳ እየከፈተ አናቶሚ ለሚያስተምረው ለሮበርት ኖክስ ሸጠዋል። በርክ ተሰቀለ፣ ኖክስ አልተከሰሰም። እና ኮሌራ መጥቶ በሽተኛን ወደ ሆስፒታል አምጡ ሲባል ሰዉ ምን ሊያስብ ነው? ለሬሳችን ነው ሚፈልጉን አለ። ፔዝሊ ላይ በ1832 ማርች ረብሻ ተነሳ፣ ሊቨርፑልም እንደዛው። በዚህ መሃል አንድ ሐኪም መጥቶ የእናትህን ክንድ ከፍቼ ውሃ ልክተትባት ሲልህ አስበው። ለዚህም ይመስለኛል አብዛኛው በሽተኛ ጭራሽ ካለቀለት በኋላ ነው ሕክምናው ሚሞከርበት።

እና ሕክምናው ለምን ጠፋ ካላችሁ፣ ቁጥሩ ነው ያጠፋው። ኤዲንብራ ድሩመንድ ስትሪት ላይ በነበረው የኮሌራ ሆስፒታል ዶክተር ማኪንቶሽ 156 ሰው ላይ ሞክሮት የተረፉት 25 ናቸው። ከስድስት ሰው አንድ። ይሄን ቁጥር ያየ የዛን ዘመን ሐኪም አልፈልግም ቢል ቀናተኛ ነው ልለው አልችልም። ዛሬ ሆነን ስናየው ምክንያቱ ይገባናል፣ እነሱ ግን ሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ምት የጠፋበትን ብቻ ነበር ሚመርጡት። ሲነሳ ያቆማሉ። ውህዱ ቀጭን ነው፣ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር፣ እንደዛ የቀጠነ ፈሳሽ በብዙ ሊትር ሲገባ የደም ሴል ያፈነዳል፣ ጨዉንም በበቂ አይመልስም። ውሃው ንጹሕ አደለም፣ ዕቃው አይቀቀልም፣ ጀርም ሚባል ነገር ገና አይታወቅም፣ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ስለማጠብ የጻፈው በ1867 ነው፣ ስለዚ ከኮሌራው የተረፈው ደሙ ተመርዞ ይሞታል። ላታ አየር እንዳይገባና ደም ስሩ እንዳይቆጣ ተጠንቀቁ ብሎ አስጠንቅቋል፣ ያንን ያህል ርቆ አስቧል፣ ከዛ በላይ ግን ዘመኑ አልፈቀደለትም። ከዛ ደግሞ ወረርሽኙ ራሱ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ቀዘቀዘ፣ ስኮትላንድን ወደ 10 ሺህ ሰው አሳጥቶ፣ ኦሾኔሲ ወደ ሕንድ፣ ላታ ወደ መቃብር። የሚከራከርለት ሰው አልቀረም። ነገሩ በደንብ የተመለሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፣ ሊዮናርድ ሮጀርስ ካልካታ ላይ ጨዉን አወፍሮ፣ እየለካ፣ እየደጋገመ ሲሰጥ የሟቹ ቁጥር በግማሽ ገደማ ወረደ።

በኮሌራ ሞተ ሚለውም ልክ አደለም፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው የገደለው፣ ኦክቶበር 1833፣ ገና አርባ ሳይሞላው። ቲቢ። ስለዚ ደብዳቤው ከወጣ በኋላ የኖረው አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ ድካም ሚለው ነገር፣ ሴትዮዋን ትቶ የሄደበት፣ ያኔም እያመመው ይሆን እንዴ እላለሁ አንዳንዴ፣ ይሄ ግን የኔ ግምት ነው።

አሁን ወደዛ መደምደሚያ። «ውሃና ጨው በጥብጠን እንጠጣ፣ ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል»። ወገን፣ ይሄንኑ ነገር መጀመሪያ የሞከረው ላታ ራሱ ነው! በአፍ ሰጠ፣ ከላይ እንደጻፍኩት፣ አልሠራም። ለምን እንዳልሠራ የታወቀው ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ በ1960ዎቹ ነው፦ በኮሌራ የተጠቃ አንጀት ጨዉን ለብቻው አይመጥም፣ ስኳር አብሮት ሲኖር ግን ሁለቱ ተያይዘው ይገባሉ፣ ውሃው ይከተላቸዋል። ግሉኮስ ማለት ነው። ላታን የግሉኮስ አባት ብለው የጻፉት ሰው መድኃኒቱን ሲያዙ ስኳሩን ረስተውታል። በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች ሕንድ ድንበር ላይ ቦንጋኦን ሚባል ቦታ ተጠልለው ኮሌራ ሲገባባቸው የደም ስር ፈሳሹ አለቀ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ሚባል ሐኪም ጨውና ግሉኮስ በበርሜል አስበጥብጦ ቤተሰብ ራሱ በኩባያ እንዲያጠጣ አደረገ፣ 30 በመቶ ይሞት የነበረው ሰው ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ኦአርኤስ ምንለው ፓኬት ያ ነው። ፓኬቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ በባለ አንድ ሊትሩ ሃይላንድ አድርጉትና፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልሙጥ ነው ያልኩት፣ ቁልል አደለም፣ ጨው ሲበዛ ሕፃን ይገድላል። ይሄንንም እየጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ነው ምትሄዱት፣ ሳትሄዱ አደለም፣ ኮሌራ በሰዓት አንድ ሊትር ድረስ ሊያወጣ ይችላል፣ ምቱ የጠፋ ሰው ወይ ያለማቋረጥ ሚያስመልስ ሰው አይጠጣላችሁም፣ እሱ በደም ስር ነው ሚገባለት። 60 ኪሎ ሚመዝን ትልቅ ሰው 6 ሊትር በሦስት ሰዓት ይሰጠዋል፣ ከዛ ሚወጣውን እየለኩ መተካት ነው።

ድንኳን ውስጥ የገባሁ የመጀመሪያ ሳምንት፣ አንድ የቀን ሠራተኛ በቃሬዛ አመጡልን፣ ሁለት ላይን አድርገንለት አራተኛው ላስቲክ ላይ ቁጭ አለ። «እህቴ ግሉኮሱን ንቀይልኝ፣ ነገ ሥራ አለኝ» አለኝ። ፊቱ ወዝ አለው፣ ይስቃል፣ እኔም ለሌሊት ዱቲ ደርሼ ስለነበር ሌሎቹን ልይ ብዬ ልነሳ ስል ትልቋ ነርሳችን ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። «አሁን ነው ማትለዪው» አለች። ፕላስተር ቀድዳ ሰዓቱን ጻፈችና ላስቲኩ ላይ ለጠፈችው፣ ተቅማጡ ከሚወርድበት የአልጋው ቀዳዳ ስር ባዶ ባልዲ አስገባች። ሌሊት 7 ሰዓት ሳይሆን ባልዲው ሞላ፣ ሰውዬው ዝም አለ፣ ምቱን ስፈልግ ጠፋብኝ። ላስቲክ ጨመርን። ሊነጋ ሲል ደግሞ ጨመርን። በሦስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ፣ ኦአርኤሱን በሃይላንድ ይዞ፣ በሩ ላይ ዘበኛውን ሲጋራ አለህ ወይ ሲለው ሰምቼዋለሁ።